ባግዳድን ትተው የወጡት ኢማም

ረመዳን በገባ ቁጥር በየቤታችን የሚነሳ ጥያቄ አለ። ልጆች አፍ አውጥተው ይጠይቁታል፤ ትልልቆቹ በሆዳቸው ይዘውት ይውላሉ። ጾመኛ ሰው ጓዳ ገብቶ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቢጠጣ ማን ያየዋል? ሰላትን ሰው ያያል፤ ዘካን የተቀበለው ያውቀዋል፤ ሐጅ የሚሄደውን ጎረቤት ይሸኘዋል፣ ሲመለስም ይቀበለዋል። ጾም ግን በባሪያውና በጌታው መካከል የሚቀር ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ ጾመኛው ውኃውን አይጠጣም። ይህ ያለ ተመልካች የሚደረግ መታቀብ ከየት ይመጣል? ሰው በጎ ሥራ ሲሠራስ በእርግጥ ለማን ብሎ ነው የሚሠራው? ይህን ጥያቄ በሌላ ሰው ላይ ሳይሆን በገዛ ራሳቸው ላይ ካነሱትና መልሱን ሲያገኙ ዝም ብለው ማለፍ ካልቻሉት ዓሊሞች አንዱን ዛሬ ልናነሳ ወደድን። ኢማም አቡ ሐሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ ናቸው።

ስማቸው ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ሑጀቱል ኢስላም፣ ማለትም የእስልምና ማስረጃ፣ በሚል ማዕረግ ይጠራሉ። ይሁን እንጂ ስማቸውን የምናውቀውን ያህል ሕይወታቸውን አናውቀውም። በተለይም ገና አርባ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በዝናቸው ጫፍ ላይ ሳሉ የደረሰባቸውን ነገር ብዙዎቻችን አልሰማነውም።

የተወለዱት በ450 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1058) በኹራሳን ምድር፣ በቱስ ከተማ ነው። ቱስ ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን፣ ከመሽሐድ ከተማ አጠገብ ያለች ስፍራ ናት፤ ታላቁ የፋርስ ባለቅኔ ፊርደውሲም የበቀለው ከዚያው ነው። አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ በሱቃቸው የሚሸጡ ድሃ ሰው እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ጽሕፈት ሳይማሩ በመቅረታቸው ሲቆጩ ኖረዋል። ከሥራቸው እረፍት ሲያገኙ ከዓሊሞች ዙሪያ አይጠፉም ነበር፤ አላህ ዓሊም የሚሆን ልጅ እንዲሰጣቸውም አጥብቀው ዱዓ ያደርጉ ነበር። ሞት ሲቀርባቸው ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ያለቻቸውን ጥቂት ጥሪት አስረክበው፣ እሳቸው ያጡትን ልጆቹ እንዲያገኙት፣ ገንዘቡ እስከሚያልቅ ድረስ ለትምህርታቸው እንዲውል ተናዘዙ።

ገንዘቡ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ወዳጃቸው ራሱ ያጣ የነጣ ሰው ስለነበር ልጆቹን ሊቀልብ አልቻለም። በዚያ ዘመን መድረሳ ለሚገባ ደረሳ ቀለብና ማደሪያ ይሰጠው ነበርና ሁለቱን ወንድማማቾች መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። በአገራችንም በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ከሼህ ወደ ሼህ እየተዘዋወሩ፣ መንደሩ በሚሰጣቸው ቀለብ እየኖሩ የቀሩ ደረሶችን የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ኢማሙ በኋላ ዘመናቸው ይህን አልደበቁትም፤ ወደ ዒልም የገቡት ለአላህ ብለው ሳይሆን እንጀራ ፍለጋ እንደነበረ፣ ዒልሙ ግን ለአላህ ካልሆነ በቀር እሺ እንዳላላቸው ይናገሩ ነበር። በምን ኒያ እንደጀመሩ ሳይረሱ መኖራቸው የኋላውን ታሪካቸውን ለመረዳት ቁልፍ ይመስለናል።

ፊቅህን በቱስ ጀምረው ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ጁርጃን ተጓዙ። ከዚያ ሲመለሱ የደረሰባቸውን በየማድረሻው ልጆች ሲሰሙት ይወዱታል። መንገድ ላይ ሽፍቶች ጠብቀው የተጓዦቹን ንብረት በሙሉ ዘረፉ። ወጣቱ ገዛሊ ሽፍቶቹን ተከትለው ሄዱ። አለቃቸው ዞር ብሎ ካልተመለስክ ትሞታለህ ብሎ ቢያስፈራራቸውም አልተመለሱም። የሚለምኑት ገንዘባቸውን አልነበረም፤ ከመምህራቸው የጻፉትን ማስታወሻ የያዘች አንዲት ከረጢት እንድትመለስላቸው ብቻ ነበር፤ ለሽፍታ ምንም የማትጠቅም። አለቃው ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። ከረጢቷ ስትወሰድ አብሮ የሚወሰድ ከሆነ እንዴት አውቄያለሁ ትላለህ ብሎ አፌዘባቸውና ከረጢቷን መለሰላቸው። ወጣቱ ቱስ እንደገቡ ሦስት ዓመት ሙሉ ማስታወሻቸውን በቃላቸው ሲያጠኑ ቆዩ። ያን ሽፍታ አላህ ራሱ ሊያስተምራቸው እንዳናገረው አድርገው ነበር የቆጠሩት። ትምህርት ከማን አፍ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ከሽፍታ ለመማር የቻለ ደረሳ ግን በየዘመኑ ጥቂት ነው።

ከዚያ ወደ ኒሻፑር ሄደው ኢማሙል ሐረመይን በመባል ከሚታወቁት ከታላቁ ዓሊም ከአል-ጁወይኒ ዘንድ ቀሩ። መምህራቸው በ478 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. በ1085) እስኪያርፉ ድረስ ከጎናቸው አልተለዩም። በዚህ ጊዜ ገና ወጣት ቢሆኑም በክርክር የሚያሸንፋቸው አልተገኘም። ከመምህራቸው ሞት በኋላ ወደ ሰልጁቆቹ ታላቅ ወዚር ወደ ኒዛሙል ሙልክ አደባባይ ሄዱ። ያ አደባባይ ሹመት የሚፈልግም፣ ዕውቀቱን የሚያሳይም የሚሰበሰብበት ነበር። ወዚሩ በ484 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. በ1091) ገና 34 ዓመት የሆናቸውን ሰው በባግዳድ በሚገኘው በኒዛሚያ መድረሳ መምህርነት ሾሟቸው። ኒዛሚያ በዚያ ዘመን ከነበሩት መድረሳዎች ሁሉ ስሙ የገነነ ነበር። ሦስት መቶ ያህል ደረሶች በፊታቸው ይቀመጡ ነበር። ኸሊፋው ያማክራቸዋል፤ ሹማምንት ደጃቸውን ይጠናሉ። ባግዳድ ሲገቡ ያዩ ሰዎች ልብሳቸውንና የተቀመጡበትን እንስሳ 500 ዲናር ገምተውት እንደነበር ተመዝግቧል። ይህን ቁጥር አንባቢ ያዝ ያድርገው።

በተሾሙ በሁለተኛው ዓመት፣ በ485 ዓ.ሒ. በረመዳን ወር፣ ያ ኃያል ወዚር በመንገድ ላይ በነፍሰ ገዳይ ጩቤ ተወግቶ ሞተ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ሱልጣን መሊክሻህ ሞተ። ልጆቹና ወንድሞቹ በሥልጣን ተፋጠጡ። ትናንት ሰው ሁሉ ይሰግድላቸው የነበሩ ሰዎች በአንድ ሰሞን አፈር ሲገቡ ኢማሙ በቅርብ ሆነው ተመልክተዋል።

በእነዚያው ዓመታት ኢማሙ ብዙ ጻፉ። የፈላስፎችን ሐሳብ ያለ መምህር፣ ከማስተማር በተረፈቻቸው ሰዓት ብቻቸውን እያነበቡ አጠኑና መጀመሪያ ሐሳባቸውን በትክክል የሚያስረዳ፣ ቀጥለው ደግሞ ስሕተት ያሉትን ነቅሶ የሚያወጣ ኪታብ አዘጋጁ። ይህ ሁለተኛው ተሃፉቱል ፈላሲፋ የሚባለው ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንዳሉስ የነበሩት ኢብን ሩሽድ መልስ ጽፈውለታል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላበቃም። እኛ እዚህ ልንዳኘው አንሞክርም። ከሱ ይልቅ የሚያሳስበን ኪታቡ ባለቀበት በዚያው ዓመት በጸሐፊው ላይ የሆነው ነገር ነው።

ዓመቱ 488፣ ወሩ ረጀብ ነበር (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1095 አካባቢ)። ኢማሙ ሥራቸውን መረመሩ። ከሥራቸው ሁሉ የሚሻለው ማስተማር እንደሆነ አሰቡ። ግን የሚያስተምሩበትን ኒያ ሲመረምሩ ለአላህ ብቻ ሆኖ አላገኙትም። የሚያንቀሳቅሳቸው ዝናና ክብር ፍለጋ ሆኖ አገኙት። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ኢማሙ አልሰረቁም፣ አልበደሉም፣ አልዋሹም። የሚያስተምሩት ሐቅ ነበር። ደረሶቻቸው እየተጠቀሙ ነበር። ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም። የጎደለው ከእሳቸውና ከፈጣሪያቸው በቀር ማንም ሊያየው በማይችል ቦታ ነበር። ብዙዎቻችን ብንሆን ሥራው በጎ እስከሆነ ድረስ ምን አለበት ብለን እናልፈዋለን። እሳቸው ግን ሊፈርስ በተቃረበ የገደል አፋፍ ላይ የቆሙ ሆኖ ተሰማቸው።

ስድስት ወር ያህል ወዲያና ወዲህ ሲንገላቱ ቆዩ። ጠዋት ባግዳድን ለቅቀው ለመውጣት ይቆርጣሉ፤ ሲመሽ ውሳኔያቸው ይፈርሳል። ነፍስያቸው የሚመጣላትን ታውቅ ነበርና ትሟገታቸዋለች። ይህ የሚያልፍ ስሜት ነው፤ ይህን ያለ ተቀናቃኝ የያዝከውን ክብር ዛሬ ብትጥለው ነገ ትመኘዋለህ፣ ያን ጊዜ ግን አታገኘውም ትላቸዋለች። በዚህ ክርክር ላይ ሳሉ አንድ ቀን የደረሶቻቸውን ልብ ለማስደሰት ብለው ሊያስተምሩ ተቀመጡ። ምላሳቸው ተሳሰረ። አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው። በዓረብኛ አንደበቱ የማይረታው ሰው በሦስት መቶ ደረሶች ፊት ዝም አለ። ሐዘኑ ወደ ሰውነታቸው ወረደ፤ እህል አልወርድ ውኃም አልዋጥ አላቸው፤ አቅማቸው ደከመ። ሐኪሞች መጥተው መረመሩና ተስፋ ቆረጡ። በሽታው ከቀልብ ተነስቶ ወደ ሰውነት የሄደ ነው፣ ጭንቀቱ ከውስጥ ካልተነሳ መድኃኒት የለውም ብለው ሄዱ። ዛሬ የአእምሮ ሐኪሞች ሰፊ ስም የሚሰጡትን ነገር እነዚያ የባግዳድ ሐኪሞች በትክክል ለይተውት ነበር ማለት ይቻላል።

ምርጫቸው ሁሉ ከእጃቸው ሲወጣ ማምለጫ ያጣ ሰው እንደሚማጸን አላህን ተማጸኑ። ከዚያ በኋላ ሹመትን፣ ሀብትን፣ ቤተሰብንና ወዳጅን መተው ለልባቸው ገር ሆነላቸው። ሐጅ እሄዳለሁ ብለው አስታወቁ፤ በልባቸው ያሰቡት ግን ሶሪያ ሄደው መኖርን ነበር። ኸሊፋውና ሹማምንቱ እንዳያስቀሯቸው ፈርተው ነው ይህን ያደረጉት። ገንዘባቸውን አከፋፈሉ። ለራሳቸው የሚበቃቸውንና ለልጆቻቸው ቀለብ የሚሆነውን ብቻ አስቀሩ። በመድረሳው ወንድማቸው አሕመድ ተተክተው ማስተማር ያዙ። በዙልቀዕዳ ወር 488 ዓ.ሒ. ከባግዳድ ወጡ።

ከተማው ተንጫጫ። ከዒራቅ ርቆ ያለው ሹማምንቱን ፈርቶ ነው አለ። በቅርብ ያለው ደግሞ ሹማምንቱ እንዲቀሩ ሲለምኗቸው እያየ እንዲያ ማለት ስላልቻለ የሰው ዓይን ነው፣ እስልምናን የገጠመ መከራ ነው አለ። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ማንም ሰው ያን ሹመት ለአላህ ብሎ ይጥለዋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ በሃይማኖት ከዚያ በላይ የሚደረስበት ደረጃ ያለ አይመስላቸውም ነበርና። በኋላ የመጡ ታሪክ ተመራማሪዎችም የወዚሩን መገደልና የሥልጣን ፍጥጫውን እያነሱ በፍርሃት ነው የሄዱት የሚሉ አሉ። ዘመኑ የሚያስፈራ እንደነበር አይካድም። ግን የፈራ ሰው ስጋቱ ሲያልፍ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ኢማሙ ያን ወንበር በኋላ ቢጠሩበትም አልተመለሱበትም። ስለዚህ እኛ የራሳቸውን ቃል እንወስዳለን።

ደማስቆ ገብተው ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጡ። ሥራቸው ዒባዳ፣ ዚክርና ነፍስያን መግራት ብቻ ሆነ። ከታላቁ የኡመያዎች መስጊድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን ከውስጥ ዘግተው ይውሉ ነበር። ከዚያ ወደ ቁድስ ሄደው በየቀኑ ቁበቱ ሰኽራ ገብተው በር ይዘጉ ነበር። በኸሊል ከነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ቀብር ዘንድ ቆመው ሦስት ነገር ለአላህ ቃል ገቡ፦ የሱልጣን ገንዘብ ላለመቀበል፣ ሱልጣን ፊት ላለመሄድ፣ ለማሸነፍ ሲባል የሚደረግ ክርክር ውስጥ ላለመግባት። ሦስቱም እስከዚያች ቀን ድረስ እሳቸውን እሳቸው ያደረጓቸው ነገሮች ነበሩ። ቀጥለው ሐጅ አደረጉ፣ መዲናን ዘየሩ። ከቁድስ በወጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1099፣ ከተማዋ በመስቀል ጦረኞች እጅ ወደቀች።

ከሐጅ በኋላ የልጆቻቸው ናፍቆት ወደ አገራቸው ጎተታቸው። በመንገዳቸው ባግዳድ ጎራ ባሉ ጊዜ እነዚያ ግምት የሚወዱ ባግዳዶች ልብሳቸውን እንደገና ገመቱት። 15 ቂራጥ ወጣ፤ አንድ ዲናር እንኳ አይሞላም።

በእነዚህ የስደት ዓመታት ነው ኢሕያእ ዑሉሙዲን የተጻፈው። አርባ ኪታቦች ያሉት፣ በአራት ሩብ የተከፈለ ታላቅ ሥራ ነው። አንደኛው ሩብ ስለ ዒባዳ፣ ሁለተኛው ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ሦስተኛው ሰውን ስለሚያጠፉ የልብ በሽታዎች፣ አራተኛው ስለሚያድኑ ባሕርያት ነው። ሦስተኛውን ሩብ የሚያነብ ሰው ጸሐፊው በሽታውን ከመጽሐፍ እንዳልተማረው ወዲያው ያውቃል። ስለ ሪያእ፣ ማለትም ስለ ይዩልኝና ይስሙልኝ፣ ሲጽፉ በሽታው የሚደበቅባቸውን ጓዳዎች አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። ሰው ዒባዳውን ደብቆ ሊሠራ ይችላል፤ ግን ሰዎች በደረሱበት ጊዜ ውስጡ ደስ ይለዋል፤ ሰላምታ ሲያጓድሉበት ደግሞ ያን የተደበቀ ዒባዳ እያሰበ እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል ብሎ ይከፋዋል። ዒባዳው ባይኖር አይከፋውም ነበር። ይህን ያህል ወርደው ነው የሚፈትሹት።

ስለ ጾም በጻፉት ኪታብ ውስጥ ጾምን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። የብዙኃኑ ጾም ከምግብ፣ ከመጠጥና ከፍትወት መታቀብ ነው። ከፍ ያሉት ሰዎች ዓይናቸው፣ ምላሳቸው፣ ጆሯቸው፣ እጅና እግራቸውም ይጾማል። ከሁሉ የላቀው ደግሞ ልብ ከአላህ ሌላ ከሆነ ሐሳብ ሁሉ የሚታቀብበት ነው። ለሁለተኛው ደረጃ ከጠቀሷቸው ነገሮች መካከል አንዷ ለየቤታችን የተጻፈች ትመስላለች። በኢፍጣር ሰዓት ሐላል ምግብ ቢሆንም እንኳ ሆድ እስኪወጠር አትብሉ ይላሉ። ሰው ቀን ያጣውን ምሳ ማታ ጨምሮ ከበላ የምኞቱን ጉልበት በምን ሰበረው? በዘመናቸው ሰዎች ለረመዳን የምግብ ዓይነት እያጠራቀሙ፣ በሌላ ወር የማይበላውን በረመዳን ይበሉ እንደነበር ታዝበው ነው የጻፉት። ዘጠኝ መቶ ዓመት ማለፉ ካልተነገረን በቀር ስለ ሳምቡሳውና ስለ ሾርባው፣ ስለ ገንፎውና ስለ ጭማቂው የእኛ ገበታ የተጻፈ ነው ብንል ማን ይከራከረናል? ቀን ብዙ አለመተኛትንም ይመክራሉ፤ ሰው ረኃቡንና ጥማቱን እንዲያውቀው፣ ልቡም እንዲነጻ።

ስለ ሕሊና የጻፉት ደግሞ ነጋዴ ሁሉ የሚገባው ነው። ዕድሜ የንግድ ዕቃ ነው፤ አእምሮ ባለ ገንዘቡ፣ ነፍስያ ደግሞ ሸሪኩ ናት። ብልህ ነጋዴ ሸሪኩን በጠዋት ውል ያስገባዋል፤ ቀኑን ሙሉ በዓይኑ ይከተለዋል፤ ማታ ቁጭ ብሎ ይተሳሰበዋል። ፈርዶች ዋናው ገንዘብ ናቸው፤ ሱናዎች ትርፍ ናቸው፤ ወንጀል ኪሳራ ነው። ሸሪኩ ካጎደለ ይቀጣዋል፣ ይወቅሰዋል። ለአምስት ሳንቲም እየተሳሰበ የሚያድር ሰው ለዕድሜው የማይተሳሰብ መሆኑ ይገርማቸው ነበር። ሰው የራሱን ነውር የሚያውቅባቸውን መንገዶችም ቆጥረዋል፦ ዓይኑ የበራ ሼህ፣ እውነተኛ ጓደኛ፣ የሌሎችን ስሕተት ሲያይ ወደ ራሱ መመልከት፣ የጠላት አፍ። ጠላት የሚያወራው ከሚያሞካሽ ወዳጅ ይልቅ ይጠቅማል ይላሉ፤ ያ ሽፍታ ሳይታወሳቸው አልቀረም።

ወላጆች ደግሞ ስለ ልጅ አስተዳደግ የጻፉትን ቢያነቡ ይገረማሉ። ልጅ በወላጆቹ እጅ ያለ አማና ነው፤ ልቡ ምንም ያልተቀረጸበት ንጹሕ ዕንቁ ነው፣ የሚቀርጹበትን ሁሉ ይቀበላል። መልካም ሲሠራ በሰው ፊት ይመስገን፤ አንድ ጊዜ ሲያጠፋ እንዳላዩ ይታለፍ፣ በተለይ እሱ ራሱ አፍሮ ሊደብቀው ከሞከረ። ሁለተኛ ከደገመው ለብቻው ይገሠጽ፤ ወቀሳ ግን አይብዛበት፣ ጆሮው ይለምደዋልና። ከትምህርት ሲመለስም እንዲጫወት ይፈቀድለት፤ ልጅን ከጨዋታ ከልክሎ ሁልጊዜ ትምህርት ብቻ መጫን ልቡን ይገድለዋል፣ ብልሃቱን ያደበዝዘዋል። ጠባይ አይለወጥም የሚሉትን አጥብቀው ይቃወማሉ። አውሬ እንኳ በልምምድ ይገራል፤ ሰው እንዴት አይገራም ነው ክርክራቸው። በእርግጥም ይህን የሚል ሰው ራሱ የተለወጠ መሆን ነበረበት።

ኪታቡ በሁሉም ዘንድ አልተወደደም። በ503 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. በ1109)፣ ኢማሙ በሕይወት ሳሉ፣ በአንዳሉስ በኮርዶባ ከተማ በገዥዎቹ ትእዛዝ ተቃጠለ። ፊቅህን ለሹመትና ለገንዘብ የሚጠቀሙበትን ዓሊሞች በኪታቡ ክፉኛ ነክተዋቸው ነበርና የኮርዶባ ሹመኞች ነገሩን በቀላሉ አላለፉትም። በኋላ የመጡ የሐዲስ ሊቃውንት ደግሞ በውስጡ ደካማ ሐዲሶች መግባታቸውን ነቅፈዋል፤ አል-ዒራቂ የተባሉት ሊቅ ሐዲሶቹን አንድ በአንድ መርምረው ደረጃቸውን ለይተዋል። ነቀፋው ተገቢ ነው። ዛሬ ኢሕያእን የሚቀራ ሰው ይህን የአል-ዒራቂን ሥራ ከጎኑ ቢይዝ ይበጀዋል።

በእርግጥ ተለውጠው ነበር ወይ? ይህን የጠየቀ አንድ ሰው በዘመናቸው ነበር። ዐብዱል ጋፊር አል-ፋሪሲ የተባሉ የኒሻፑር ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ኢማሙን በወጣትነታቸው ያውቋቸው ነበር፤ ሰውን በንቀት የሚያዩ፣ በአንደበታቸውና በብልህነታቸው የሚመጻደቁ፣ ክብርን የሚያሳድዱ ሰው እንደነበሩ ያስታውሳሉ። ከስደት ሲመለሱ ትሑትና ለስላሳ ሆነው ሲያገኟቸው አላመኑም። ሰውየው የሱፊ ልብስ ለብሶ እያስመሰለ ነው ብለው ጠረጠሩ። ደጋግመው እየሄዱ ጠየቋቸው፣ መረመሯቸው። በመጨረሻ ነገሩ ከጠረጠሩት ተቃራኒ ሆኖ፣ ኢማሙ ከዕብደት እንደዳነ ሰው ሆነው እንዳገኟቸው ጻፉ። ስለ አንድ ሰው ጠባይ የሚሰጥ ምስክርነት ከዚህ የበለጠ ሊታመን የሚችል አይመስለንም፤ ምስክሩ ሊያጋልጣቸው የሄደ ሰው ነውና።

በ499 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. በ1106) ሌላ ፈተና መጣ። የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ፈኽሩል ሙልክ ወዚር ሆኖ ነበርና በኒሻፑር ኒዛሚያ እንዲያስተምሩ አጥብቆ ጠየቃቸው። አሥራ አንድ ዓመት ከሕዝብ ርቀዋል። በኸሊል የገቡት ቃል አለ። በሌላ በኩል የሰዎች እምነት ሲላላ እያዩ ነው፤ እሳቸው ደግሞ መድኃኒቱን ያውቃሉ። ነፍስያቸውን እንደገና መረመሩ። አሁን ያገኙት የፊተኛውን ተቃራኒ ነበር፤ ቤት ዘግተው እንዲቀመጡ የሚገፋፋቸው ዒባዳ ሳይሆን ስንፍና፣ እረፍትና ከሰው ነቀፋ መሸሽ ሊሆን እንደሚችል ተረዱ። ያመኗቸውን ደጋግ ሰዎች አማከሩና ሄዱ። ወደ ማስተማር ቢመለሱም ወደ ቀድሞው እንዳልተመለሱ ነገሩን። ያኔ የሚያስተምሩት ክብር የሚገኝበትን ዒልም ነበር፤ አሁን የሚያስተምሩት ክብር የሚተውበትን ነው። ቃላቸውን አፈረሱ የሚሉ አሉ። እኛ ግን ከባግዳድ መውጣቱም ሆነ ኒሻፑር መግባቱ አንድ ጥያቄ የወለዳቸው ሆነው ይታዩናል፤ ሥራው ሁለቱንም ጊዜ ማስተማር ነው፣ የተለየው ኒያው ነው።

ፈኽሩል ሙልክ እንደ አባቱ ተገደለ። ኢማሙም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ቱስ ተመለሱ። ከቤታቸው አጠገብ ለደረሶች መድረሳ፣ ለሱፊዎች ደግሞ ማረፊያ ሠሩ። ቀናቸውን ለቁርኣን፣ ለማስተማርና ከደጋግ ሰዎች ጋር ለመቀመጥ ከፋፈሉት። በ504 ዓ.ሒ. የባግዳዱ ወንበር ባዶ ሲሆን ተመልሰው እንዲይዙት ጥሪ መጣላቸው፤ ደረሶቻቸውን፣ ቤተሰባቸውንና በኸሊል የገቡትን ቃል ጠቅሰው እንቢ አሉ። በዕድሜያቸው ማብቂያ የቡኻሪንና የሙስሊምን ሐዲስ እንደ ጀማሪ ደረሳ ቁጭ ብለው መቅራት ጀምረው ነበር።

በ505 ዓ.ሒ. ጁማደል ኣኺር 14፣ ሰኞ ዕለት (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1111) ጎህ ሲቀድ ዉዱእ አድርገው ሰገዱ። የሆነውን የነገሩን ወንድማቸው አሕመድ ናቸው። ከፈን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። ተቀብለው ሳሙት፤ ዓይናቸው ላይ አደረጉት፤ ለንጉሡ ለመግባት ዝግጁ መሆናቸውን ተናገሩ። ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ። ፀሐይ ሳትወጣ አረፉ። ዕድሜያቸው በሒጅራ አቆጣጠር 55 ነበር። ከመሞታቸው በፊት ጓደኞቻቸው ምከሩን ቢሏቸው ኢኽላስን ብቻ እየደጋገሙ ነበር ያሳሰቧቸው። የተረፏቸው ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ያስቀሩላቸውም ለቀለባቸው የሚበቃ ነገር ነበር።